መርከብ ቆሞ ሰው የሚወርድባት ቀን፦ ከጅቡቲ እስከ አቃቂ

ቃሊቲ አካባቢ ቆማችሁ ታክሲ ስትጠብቁ ከፊታችሁ የሚያልፈውን ባለ ተሳቢ መኪና አስተውሉት። የጫነው ኮንቴይነር ምናልባት ከአንድ ሁለት ወር በፊት ሻንጋይ ነበር። ከዚያ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ጅቡቲ ወረደ። ከጅቡቲ ደግሞ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ተጉዞ እዚህ ደረሰ። ሳጥኑ እንግዲህ ከብዙዎቻችን የበለጠ ዓለም ዞሯል ማለት ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሳጥኑን ያመጡት ሰዎችስ? መርከቡ በየወደቡ ሲቆም ወርደው ከተማውን ለማየት ስንት ሰዓት አገኙ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የመቶ ምናምን ዓመት ታሪክ አለው። ታሪኩ ደግሞ አቃቂን ይነካል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማታ ጉዞ፣ ቀን ከተማ

በመጀመሪያ ቀኑ የራሱ ከሆነው ሰው እንነሳ። በሽርሽር መርከብ የሚጓዝ ቱሪስት ጠዋት ሲነሳ መርከቡ አዲስ ወደብ ደርሷል። ቁርሱን በልቶ ይወርዳል፤ ገበያ ያያል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይጎበኛል፣ ቡና ይጠጣል። አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ተኝቶ ሲነሳ ሌላ ከተማ።

ይህ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ከኋላው ስሌት አለ። የመርከብ ፍጥነት የሚለካው በኖት ነው። አንድ ኖት ማለት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። በ20 ኖት የሚጓዝ መርከብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ጠዋት 2 ሰዓት ቢደርስ 14 ሰዓት ይጓዛል። 14 ሲባዛ በ20፣ 280 የባሕር ማይል ይሆናል፤ 519 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ይህ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በአየር ካለው ርቀት ትንሽ ያንሳል። መስመሩን የሚያወጡት ሰዎች በዚህ ርቀት ውስጥ ያሉ ወደቦችን እየመረጡ ይቀጣጥላሉ። ሌሊቱ ለሞተሩ፣ ቀኑ ለመንገደኛው።

የዚህ ዓይነቱ ጉዞ ጀማሪ ተብላ ብዙ ጊዜ የምትጠቀሰው «አውጉስታ ቪክቶሪያ» የምትባል የጀርመን መርከብ ናት። ሥራዋ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ መንገደኛ ማመላለስ ነበር። በክረምት ግን ባሕሩ ስለሚከፋ መንገደኛ ይጠፋል። የኩባንያው ኃላፊ አልበርት ባሊን ሥራ ፈትታ ከምትቆም ብሎ ጥር 22 ቀን 1891 ዓ.ም. (እንደ እነሱ አቆጣጠር) 241 ሰዎች አሳፍሮ ወደ ሜዲትራኒያን ላካት። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር ተገልብጧል። ከዚያ በፊት መርከብ ወደብ የሚቆመው ሥራ ስላለው ነበር። አሁን ግን መቆሙ ራሱ የሚሸጥ ነገር ሆነ።

ከሰል የሰጠው ዕረፍት

ታዲያ ከዚያ በፊት መርከቦች ለምን ይቆሙ ነበር? አንዱና ዋናው ምክንያት የድንጋይ ከሰል ነው።

የእንፋሎት መርከብ የሚሄድበትን ከሰል ራሱ መሸከም አለበት። ብዙ ከሰል ከጫነ ለዕቃና ለሰው ቦታ ያጣል፤ ጥቂት ከጫነ ደግሞ መሀል ባሕር ላይ ይቀራል። ስለዚህ በየተወሰነ ርቀት ከሰል የሚሞላበት ጣቢያ ያስፈልገዋል። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ቀይ ባሕር የአውሮፓና የእስያ ዋና መንገድ ሆነ። ፖርት ሰይድና ኤደን የከሰል ከተሞች ሆኑ።

ጅቡቲም የዚሁ የከሰል ታሪክ ልጅ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ፈረንሳይ በ1880ዎቹ ከቻይና ጋር ስትዋጋ ኤደንን የያዙት እንግሊዞች ለጦር መርከቦቿ ከሰል አንሰጥም አሏት። እሷም ቀደም ሲል በ1862 በውል ያገኘችውን ኦቦክን ማልማት ጀመረች። ኦቦክ ግን ለትልቅ ወደብ አልተመቸችም። በ1888 ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ጅቡቲ ተቆረቆረች፤ በ1890ዎቹ ውስጥም የግዛቱ ዋና ከተማ ሆነች።

ከሰል መጫን ሰዓታት የሚፈጅ፣ ጥቁር አቧራው ሁሉን የሚያለብስ ሥራ ነው። ሠራተኞች ቅርጫት ተሸክመው በሳንቃ ላይ ይመላለሳሉ። የመርከቡ መስኮቶች ይዘጋሉ፤ ውስጡ ይታፈናል። ለመንገደኛው ያለው ምርጫ አንድ ነው፦ መውረድ። ያ በየወደቡ በድሮ የጉዞ መጻሕፍት ውስጥ የምናነበው «አንድ ቀን በከተማው» እንግዲህ ብዙ ጊዜ የመጣው ከዚህ ነው። ማሽኑ እስኪበላ ሰው ይንሸራሸር ነበር።

ጅቡቲ ላይ የወረደ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያየው ሳንቲም ሲወረወርላቸው ወደ ባሕሩ የሚጠልቁትን ልጆች ነው። ከዚያ ሙቀቱን ሸሽቶ በአደባባዩ ዙሪያ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ጥላ ሥር ይቀመጣል። የአደባባዩ ስም ማን ነበር መሰላችሁ? ምኒልክ አደባባይ! ከተማዋ የምትኖረው ከኋላዋ ባለው አገር ንግድ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል።

ባሕሩ አቃቂ ላይ ያበቃባቸው ዓመታት

ከመርከብ የወረደው ሰው መድረሻው አዲስ አበባ ከሆነ ግን ሌላ ማሽን መጠበቅ አለበት፤ ባቡሩን።

የባቡር ሐዲዱ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1897 ነው። በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በገንዘብና በፖለቲካ ጣጣ ለዓመታት ቆመ። እንደገና ተጀምሮ አዋሽን ተሻገረና በ1915 አቃቂ ገባ። አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1917 ነው።

እነዚህን ሁለት ዓመታት ቆም ብላችሁ አስቧቸው። ከማርሴይ ተነስቶ፣ ስዊዝን አልፎ፣ ጅቡቲ ወርዶ ባቡር የተሳፈረ ሰው የሐዲዱ ጫፍ የሚሆንበት አቃቂ ነበር። ዕቃውን አውርዶ ቀሪውን 23 ኪሎ ሜትር በጋማ ከብት ወይም በእግሩ ይያያዘዋል። በባሕር የመጣ ዕቃም የሚራገፈው እዚሁ ነው። ዛሬ «ደረቅ ወደብ» የሚለውን ቃል ከመስማታችን ብዙ ቀደም ብሎ አቃቂ ሥራውን ሞክራው ነበር።

ባቡሩም ቢሆን ጊዜውን ይወስዳል። መስመሩ ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ነው፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚያን ዘመን የመንገደኛ ባቡር ሌሊት አይሄድም ነበር። አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ታድራላችሁ፤ በሦስተኛው ቀን አቃቂን አልፋችሁ አዲስ አበባ ትገባላችሁ። መርከቡ የገባበት ቀንና ባቡሩ የሚነሳበት ቀን ካልገጠመ ደግሞ ጅቡቲ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የመጣው እንግሊዛዊ ደራሲ ኢቭሊን ዎ «አዜ ለ ሪዶ» በምትባል የፈረንሳይ መርከብ ጅቡቲ ሲደርስ ከተማው ባቡር በሚሻ የውጭ ልዑክና ጋዜጠኛ ተጨናንቆ ነበር።

መንገዱ በሁለት አቅጣጫ ነው የሚሠራው፤ የእኛም ሰዎች ወደ ባሕሩ ይወርዱ ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. ራስ ኃይሉን፣ ራስ ሥዩምን፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴንና ሌሎችን አስከትለው በባቡር ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያ በመርከብ ወደ ስዊዝ። ከጅቡቲ ስዊዝ 1,300 የባሕር ማይል ያህል ነው። በ13 ኖት ብትሄዱ 100 ሰዓት ይፈጃል፤ አራት ቀን ከትንሽ። ኅሩይ የጉዞውን አኳኋን «ደስታና ክብር» በሚል መጽሐፍ ጽፈውታል። በኋላም ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳትመዋል። አንድ ሰው ከመርከብ ወርዶ ሲውል ያየውን አገር ቤት ላለው አንባቢ መልሶ ማካፈሉ፣ ያው የዛሬው ዓይነት ጉዞ ገጠመኝ ነው፤ በካሜራ ፋንታ በብዕር።

ልዑካኑ ወደ ማርሴይ ከመሻገራቸው በፊት ኢየሩሳሌም ገቡ። እዚያ ወላጆቻቸውን ያጡ፣ የአርመን ገዳም የሚያሳድጋቸው፣ የነፋስ መሣሪያ የሚጫወቱ ልጆች አዩ። ተፈሪ ልጆቹን ወደ አገራቸው ለማምጣት ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። ልጆቹ አርባ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ከሙዚቃ መሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። «አርባ ልጆች» እየተባሉ የሚታወቁት እነሱ ናቸው። እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ናልባንዲያን ነው።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ጉዞው የታቀደው ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለመነጋገር ነበር። አርባ ልጆችና አንድ የመዝሙር ዜማ ግን የመጡት ከመንገድ ላይ ቆይታ ነው። ሰው ከመርከብ ወርዶ ከተማ ውስጥ ሲውል እንዲህ ዓይነት በዕቅድ ያልተያዘ ነገር ይገኛል። ማሽኑ ሲቆም «የባከነ» የሚመስለው ሰዓት ለሰውየው ዋናው ሰዓት ሊሆን ይችላል።

300 ጆንያ ወይስ አንድ ሳጥን?

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነዳጅ ዘይት ከሰልን እየተካ መጣ። ያ አቧራ ቀረ፤ መሙላቱም ፈጠነ። ቢሆንም መርከቦች ወደብ ላይ ቀናት መዋላቸው አልቀረም፤ ዕቃው ገና በሰው ትከሻ ነበርና።

የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው። 18 ቶን ቡና 300 ጆንያ ይሆናል። 300 ጊዜ ማንሳት፣ 300 ጊዜ መደርደር ማለት ነው። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት በ1964 ተቋቁሞ መርከቦቹ ከአሰብና ከምጽዋ ሲነሱ ዓለም በአብዛኛው የሚሠራው እንዲህ ነበር። መርከቡ ዕቃ እስኪያራግፍና እስኪጭን መርከበኛው ይወርዳል፤ ደብዳቤ ይልካል፣ ለቤተሰብ ዕቃ ይገዛል፣ ከተማ ያያል።

የለወጠው ነገር ተራ የብረት ሳጥን ነው። ሚያዝያ 26 ቀን 1956 (እንደ አውሮፓውያን) «አይዲያል ኤክስ» የምትባል መርከብ 58 ኮንቴይነሮች ጭና ከአሜሪካዋ ኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ተነሳች። የሐሳቡ ባለቤት ማልኮም ማክሊን የጭነት መኪና ነጋዴ ነበር። አንድ ቶን ለመጫን በተለመደው መንገድ 5 ዶላር ከ86 ሳንቲም ያወጣ የነበረው ሥራ ወደ 16 ሳንቲም ገደማ ወረደ። ያ 300 ጆንያ አሁን በአንድ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ጥሩ ክሬን በሁለት ደቂቃ ያነሳዋል።

እንደ ምህንድስና ተማሪ ይህን ሳነብ ማድነቄ አልቀረም። ቆሞ የሚውል መርከብ ኪሳራ ነው፤ ያንን ሰዓት መቀነስ ትክክለኛ የንድፍ ግብ ነው። ውጤቱም ታየ። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ በ2018 የመርከቦችን እንቅስቃሴ ሲመረምር የኮንቴይነር መርከብ ወደብ ላይ የሚቆየው በመካከለኛ ግምት 0.7 ቀን ሆኖ አገኘው። 17 ሰዓት አይሞላም።

አሁን እነዚህን 17 ሰዓታት በመርከበኛው ዓይን እንያቸው። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ያዝዛል። ወደብ ላይ ግን ሥራ ይበዛል፤ ነዳጅ ይሞላል፣ መለዋወጫ ይገባል፣ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ከሥራ የተረፈው ለእንቅልፍ እንኳ ይጠባል። በዚያ ላይ ወደቡ ራሱ ከከተማው ርቋል። ኮንቴይነር ሰፊ ሜዳና ጥልቅ ውሃ ይፈልጋልና። የጅቡቲው የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል በ2009 ሲከፈት የተሠራው ከከተማው መሀል ወጣ ብሎ በስተምዕራብ ነው። ድሮ ከመርከብ ወርዶ በእግር የሚደረስበት የቡና ቤት ጥላ አሁን መኪና፣ ፈቃድና ሰዓት ይጠይቃል። ከሐምሌ 2004 ጀምሮ በመላው ዓለም የጠበቀው የወደብ ጸጥታ ሕግም በሩን አጥብቦታል።

ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ መካኒካል ምህንድስና የተማረ ልጅ አለ። ከምረቃ በኋላ ባሕር ዳር የባሕረኛ ሥልጠና ወስዶ በመርከብ ሞተር ክፍል ተቀጠረ። ለዕረፍት ሲመጣ «አንተ እኮ ዓለምን ዞርክ፤ ስንት አገር አየህ?» አልኩት። ሳቀና «አገር አላየሁም፤ ክሬን ነው ያየሁት» አለኝ። ስልኩ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ የስድስት አገር ወደብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ክሬን። መልሱ ቀልድ ነው፤ ግን በ2020 በኮሮና ምክንያት ወደቦች ሲዘጉ ምን እንደሆነ ስታዩ ቀልዱ ይመርራል። በዚያ ዓመት መጨረሻ የኮንትራት ጊዜያቸው አልቆ ከመርከብ መውረድ ያልቻሉ መርከበኞች 400,000 እንደሚደርሱ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ገምቶ ነበር።

ሽርሽረኛው ግን ዛሬም ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ከተማ ውስጥ ይውላል፤ የከፈለበት ነውና። አንዷ ቀን ለሁለት ተከፈለች ማለት ይቻላል። ለከፋዩ የተጠበቀች፣ ለሠራተኛው የተቆረጠች።

የመጨረሻው 900 ኪሎ ሜትር

ነገሩ ጅቡቲ ላይ አያበቃም። ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ ባሕር በር የላትም፤ ከ1998ቱ ጦርነት በኋላም ገቢ ዕቃችን በአብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ስለዚህ የመርከቡን ጉዞ የሚጨርሱት የእኛ ሹፌሮች ናቸው። ከአቃቂ ቃሊቲ ሰዎች ውስጥ ባሕርን በዓይናቸው ያዩትን ብትቆጥሩ ብዙዎቹ እነሱ የሚሆኑ ይመስለኛል።

በሰፈራችን ለብዙ ዓመት በዚያ መስመር የነዱ አንድ ጋሼ አሉ። «ጅቡቲ እንዴት ናት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «እኔ የማውቀው ፒኬ 12ን ነው» አሉኝ። ፒኬ 12 የከባድ መኪናዎች መቆሚያ ነው። ስሙ ፈረንሳይኛ ሆኖ ትርጉሙ «12ኛው ኪሎ ሜትር» ማለት ነው። ያ ሁሉ ዓመት ተመላልሰው የያዙት የከተማ ስም የርቀት ምልክት ነው። ወረፋ እስኪደርሳቸው ከመኪናው ሥር ጥላ ውስጥ ይተኛሉ፤ ውሃ ይገዛሉ፤ ከዚያ መንገድ። ባሕሩንስ? «ከሩቅ፣ ስትገባና ስትወጣ።»

ልዩነቱን ልብ በሉ። መርከበኛው ጊዜ ስላነሰው ከተማ አያይም። ሹፌሩ ግን ጊዜ ሞልቶት እንኳ አያይም፤ ሰዓቱ የእሱ አይደለምና። ከመኪናው ርቆ ተራው ቢያልፍስ? ስለዚህ ጉዳዩ የሰዓት ብዛት ብቻ አይደለም። ማሽኑ የሚቆምበት ሰዓት አስቀድሞ መታወቁ፣ ሰውየውም በዚያ ሰዓት ላይ መብት ማግኘቱ ነው። የሽርሽር መርከብ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል፦ «በዚህ ሰዓት ተመለሱ» ይላል፤ እስከዚያ ድረስ ሰዓቱ የመንገደኛው ነው።

መርከበኛው ቢያንስ በወረቀት ላይ የሚጠቅሰው ነገር አለው። የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ለጤናው ከመርከብ መውረድ እንደሚገባው፣ በወደቦችም የማረፊያ አገልግሎት እንዲያገኝ ይላል። ሹፌሩ ግን በዚያ ስምምነት ውስጥ የለም፤ መርከበኛ አይደለምና። ያው ዕቃ ግን ነው፣ ያው ጉዞ ነው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2018 መደበኛ ሥራ ጀምሯል። መንገደኛ የሚሳፈረው ለቡ ነው፤ ዕቃው የሚራገፈው ደግሞ ከአቃቂ ወደ ደቡብ፣ እንዶዴ ላይ። ከመቶ ዓመት በኋላ ባሕሩ እንደገና አቃቂ አጠገብ እያበቃ ነው። ሞጆም እየሰፋ ነው። እነዚህን ቦታዎች የሚነድፉት እንደ እኔ በምህንድስና ትምህርት ቤት ያለፉ ሰዎች ናቸው። እኛ ደግሞ የተማርነው የቆይታ ሰዓትን በሁለት ነገር ለመለካት ነው፦ በመርከብና በሳጥን። ሰው በስሌቱ ውስጥ ካለ ያለው በወጪ ዓምድ ነው።

አንድ ሦስተኛ ዓምድ መጨመር ይቻላል። መኪናው ወረፋውን በስልክ መልእክት ይወቅ፤ ሹፌሩ እስከዚያ የሚታጠብበትና የሚተኛበት ቦታ ይኑር፤ ከፒኬ 12 ወደ ከተማው የሚወስድ አውቶቡስ ይኑር። አንዳቸውም ከክሬን አይወደዱም። የድሮው መንገደኛ ቀኗን ያገኘው ማሽኑ ስለደከመለት ነው። የዛሬው ማሽን አይደክምም፤ ስለዚህ ቀኗን አስቦ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል።

እስከዚያው ቃሊቲ ላይ ያ ባለ ተሳቢ ሲያልፍ ሳጥኑን ብቻ አትዩ። መሪውን የያዘው ሰው ከጅቡቲ ነው የመጣው። ጅቡቲን አይቷት እንደሆነ ብትጠይቁት መልሱን አሁን ሳትገምቱት አትቀሩም።